አራት ፍየል ወይስ አንድ ሚዛን

ዲላ፣ ሚያዝያ። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራም። እትዬ የኬሚስትሪ መምህርነታቸውን በጡረታ የተሰናበቱ ጎረቤታችን ናቸው። በረንዳቸው ላይ አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ደረስኩ፤ በእጄ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር፣ በልቤ ደግሞ ትናንት የወጣልኝ እቁብ።

እትዬ፦ ምንድን ነው ይሄ? ቅቤ እንዳልለው ጠንክሯል፣ አይብ እንዳልለው ያንሸራትታል።

እኔ፦ ሳሙና ነው እትዬ። በፍየል ወተት የሠራሁት። አሥራ አምስት ቀኑ።

እትዬ፦ እስቲ ጣትሽን ውሃ አስነኪና ፊቱን አሸት አሸት አድርጊው። እሱን ጣትሽን አሁን ምላስሽ ጫፍ ላይ፣ በትንሹ።

እኔ፦ ውይ! ነከሰኝ እኮ!

እትዬ፦ እንደ ባትሪ ድንጋይ?

እኔ፦ አዎ፣ ባለ አራት ማዕዘኗን ባትሪ በምላስ ሲነኳት እንደምታደርገው።

እትዬ፦ ተጠቢውና እንትፍ በይው። ያላለቀ ሶዳ አለበት ማለት ነው። የሚይዘው ስብ አጥቶ ሳሙናው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ይሄን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለልብስም ቢሆን። ኮስቲክ ሶዳውን በምን ለካሽው?

እኔ፦ በቡና ሲኒ። ሁለት ሲኒ ሙሉ፣ ሦስተኛዋ ጎደል ያለች።

እትዬ፦ ጎደል ያለች! በርበሬ መሰለሽ?

እኔ፦ እሱን ቀስ ብለን እናወራዋለን። የመጣሁት እቁብ ወጥቶልኝ ነው። ሁለቱ ፍየሎቼ ላይ አራት ልጨምርና…

እትዬ፦ ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። እኔ ሶዳ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺ ፍየል ትቆጥሪልኛለሽ።

እኔ፦ የፍየል ወተት ሳሙና ነው እኮ እትዬ! ፍየል ሳይኖር ወተቱ ከየት ይመጣል?

እትዬ፦ ከመሠረቱ እንነሳ። ሳሙና ማለት ስብና ሶዳ ተጋብተው የሚወልዱት ነው። ከጋብቻው ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣሉ፤ ስቡም ስብነቱ፣ ሶዳውም ሶዳነቱ ይቀራል። ወተት በዚህ ሠርግ ላይ ሚዜ ነው። ሙሽራ አይደለም። ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ፣ 4 ገደማው ስብ፣ የቀረው ስኳርና ፕሮቲን ነው። ሚዜው ቢቀር ሠርጉ አይቀርም።

እኔ፦ ታዲያ ዓለም ሁሉ የፍየል ወተት ሳሙና የሚለው በከንቱ ነው?

እትዬ፦ በከንቱ አላልኩም። ስኳሩ አረፋ ያበዛል፣ ስቡ ትንሽ ያለሰልሳል፣ መልኩም የቅቤ መልክ ይሆናል። ስለ ፍየል ሌላም ልንገርሽ፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪዎቼ የሚስቁበት ነበር። ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ስብ ከምን እንደተሠራ ፈልቅቆ አውጥቶ በ1823 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ካፕሪክ፣ ካፕሮይክ የሚባሉ አሲዶች አሉ፤ ስማቸው በላቲን ፍየል ከሚለው ቃል ነው የመጣው። የፍየል ሽታ ያለባቸው እነሱ ናቸው። አሁን አስቂኙን ስሚ፤ የኮኮናት ዘይት ውስጥም ካፕሪክ አለ። ሳሙናሽ ውስጥ ከኮኮናቱ የሚገባው የፍየል አሲድ ከፍየሏ ወተት ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እኔ፦ ይሄንን ለደንበኛ አልነግርም።

እትዬ፦ አትንገሪ፤ ግን እወቂው። ለመሆኑ የመጀመሪያ ሙከራሽ ምን ሆነ? ሰፈሩ ሁሉ ሸቶት ነበር።

እኔ፦ ባልነግርዎት ይሻለኛል… የእማዬን ትልቁን ብረት ድስት አነሳሁ። ወተቱ ገና የታለበ ነው፣ ለብ እንዳለ ገለበጥኩት። ሶዳውን ከላይ በተንኩበት። ወዲያው ቢጫ ሆነ፤ ከቢጫ ብርቱካን፣ ከዚያ እንደ አረረ ስኳር ጠቆረ። የሽንት ቤት ሽታ የመሰለ ነገር ዓይኔን አስለቀሰኝ። ደግሞ ይፍለቀለቃል! እሳት ላይ እኮ አልጣድኩትም። ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ድስቱን ሳየው ውስጡ ጠቁሮ፣ ነቀዝ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሯል። እማዬ ከዚያ ወዲህ «ደህና ዋልሽ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም።

እትዬ፦ ሁለት ጥፋት በአንድ ድስት። ብረት ድስት የምንለው ስሙ ነው እንጂ ብረት አይደለም፤ አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል። ሲበላው ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል፣ ያፍለቀለቀው እሱ ነው። ሃይድሮጂን ይቀጣጠላል፤ አጠገብሽ የከሰል ምድጃ አለመኖሩ የእናትሽ ጸሎት ነው። ለዚህ ሥራ ስቴንለስ ስቲል፣ ካልሆነም ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚያዘው። ማማሰያውም እንደዚያው። እንጨት ለጊዜው ይሠራል፣ ውሎ አድሮ ግን ሶዳው ይቦጫጭቀዋል።

እኔ፦ ወተቱስ ለምን አረረ?

እትዬ፦ ሶዳ ፈሳሽ ሲያገኝ ያለ እሳት ይሞቃል፤ ውሃን እስከ መፍላት ሊያደርሰው ምንም አይቀረውም። የወተቱ ስኳር በዚያ ሙቀት አረረ፣ ፕሮቲኑ ሲፈርስ አሞኒያ ወጣ። የሽንት ቤቱ ሽታ እሱ ነው።

እኔ፦ ስልኬ ላይ ያየኋት ሴትዮ ወተቱን እንደ ድንጋይ አቀዝቅዛ ነው ሶዳውን ቀስ እያለች የምትጨምረው። ከለስላሳ መሸጫዋ ፍሪዘር ቦታ ልከራይ ነበር።

እትዬ፦ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ፍሪዘር ላለው ሰው። አንቺ ወተቱን ሐሙስ ብታስገቢ፣ መብራቱ አርብ ይሄዳል፣ ቅዳሜ የኮመጠጠ ወተት ትረከቢያለሽ። ሌላ መንገድ አለ። ፈሳሹን ለሁለት ክፈይው። ሶዳውን በእኩል ክብደቱ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አሟሚው፤ ከዚያ በታች ውሃ ከሆነ አይሟሟም። ወተቱን ለብቻው አስቀምጠሽ መጨረሻ ላይ ስቡና ሶዳው መያያዝ ሲጀምሩ ትጨምሪዋለሽ። ያን ጊዜ ሶዳው ስቡ ላይ ተጠምዷል፤ ወተቱን ለማሳረር ጊዜ የለውም። ፍሪዘርም፣ መብራትም አትፈልጊም።

እኔ፦ ይሄን ሳላውቅ ነው ፍሪዘር ስለምን የነበርኩት?

እትዬ፦ አሁን ጻፊ። ስልክሽ ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ። ሞራ 750 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 200 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 50 ግራም። ድምሩ አንድ ኪሎ። ኮስቲክ ሶዳ 140 ግራም። ውሃ 140 ግራም። ወተት 180 ግራም። በሚሊ ሊትር አይደለም፣ በብርጭቆም አይደለም፣ ሁሉም በግራም።

እኔ፦ ሞራ? የበሬ?

እትዬ፦ ታዲያ ምን ፈለግሽ? ሥጋ ቤቱ ለውሻ የሚጥለው ሞራ ከብዙ ዘይት የተሻለ ጠንካራ ሳሙና ያወጣል። ከትፈሽ፣ ውሃና ጨው ጨምረሽ በቀስታ አቅልጪው። በጨርቅ አጥልይውና ይደር። ጠዋት ከላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኚዋለሽ፤ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ቡናማ ነገር በቢላ ፋቂ። ሁለተኛ ጊዜ ድገሚው። ሦስተኛ ጊዜ ብትደግሚ የሥጋ ሽታው ጭራሽ ይጠፋል።

እኔ፦ «የማን እርድ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

እትዬ፦ አይጠፋም፤ ይጠይቅሽ፣ መብቱ ነው። ሳትዋሺ መልሺለት። ለእሱ ደግሞ ሞራውን በረጋ ዘይት ለውጪ። ፓልም ነው፣ ሶዳ የሚፈልገው ከሞራ ጋር እኩል ስለሆነ ቁጥሩ አይናወጥም። ሌላውን ግን እንዲህ በዘፈቀደ አትለዋውጪ። እያንዳንዱ ስብ የራሱ የሶዳ ቁጥር አለው። አንድ ግራም ኮኮናት 0.183 ግራም ሶዳ ይፈልጋል፤ ሞራ 0.141፤ ጉሎ 0.128። አባዢና ደምሪው።

እኔ፦ ቆይ… 105 ከምናምን፣ 36 ከምናምን፣ 6 ከምናምን። 148 ተኩል ገደማ መጣ። እርስዎ ግን 140 ነው ያሉኝ።

እትዬ፦ ጎበዝ! ያንን ነበር የምጠብቀው። ስምንት ተኩሏን ግራም ሆን ብዬ አጎደልኳት። ከመቶ ስድስት ያህል ስብ ሶዳ ሳያገኘው ሳሙናው ውስጥ ይቀራል፤ ቆዳ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ለስህተት ቦታ መተው ነው። ሚዛንሽ ሁለት ሦስት ግራም ቢስት እንኳ ሳሙናው ምላስ አይነክስም። ያንቺ ሁለት ሲኒ ተኩል 170 ግራም ቢሆን አይገርመኝም።

እኔ፦ የአቮካዶ ዘይትስ? ይርጋለም የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይጨመቃል፣ ፍሬው ደግሞ እዚህ ጓሮአችን ሞልቷል።

እትዬ፦ ጓሮሽ ያለው ፍሬ ነው፣ ዘይት አይደለም። ከሱቅ ከገዛሽ 0.133 ብለሽ አስይው። ለመጀመሪያው ዓመት ግን አንድ አሠራር ያዢና እሱኑ ደጋግሚ።

እኔ፦ አያቴ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረባትም። እንዶድ ቀጥቅጣ ታጥብ ነበር።

እትዬ፦ እንዶድማ ሌላ ጉድ ነው። ሶዳም ስብም አይፈልግም፣ ፍሬው ራሱ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። የእንዶዱ አረፋ ከሚወርድበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈፉ፤ ከላይ ያሉት ግን ደህና ናቸው። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ማጥፊያ የተገኘው ከልብስ አጣቢዎች አረፋ ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ወሰዱ። ታዲያ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ፊት መታጠቢያ ውስጥ አላስገባም።

እኔ፦ አመድስ? ኮስቲክ ሶዳ ከምገዛ የአመድ ውሃ ባጠልል?

እትዬ፦ የአመድ ውሃ ፖታሽ ነው። የሚያወጣው እንደ ማር የሚዝለገለግ ለስላሳ ሳሙና ነው፤ ተቆርጦ አይሸጥም። ደግሞ ብርታቱን በምን ታውቂዋለሽ? ዛሬ የዋንዛ አመድ፣ ነገ የባሕር ዛፍ፤ ሁሉም ይለያያል። ኮስቲክ ሶዳ አገር ውስጥም ያልታሰበ ነገር አይደለም፤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ባቱ ላይ ከአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ኮስቲክ ሶዳ ለማውጣት ፋብሪካ ተቋቁሞ ነበር። ሐይቁ ራሱ እየሸሸ መሆኑ ሌላ ወሬ ነው። ብቻ ስትገዢ የታሸገውን ግዢ። ገበያ ላይ ተከፍቶ በፌስታል የሚመዘነው የዲላን እርጥበት ሲጠጣ ሰንብቷል፤ 140 ብለሽ የመዘንሽው ከፊሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ፍንካቹ ተጣብቆ ከጓጎለ ተዪው።

እኔ፦ ሲሟሟ ምን ልጠንቀቅ?

እትዬ፦ ደጅ ውጪ። ጓንት፣ መነጽር፣ እጅጌ ያለው ልብስ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው፣ ውሃው ወደ ሶዳው አይደለም። ከተገለበጠ ፈልቶ ፊትሽ ላይ ይተፋል። እንፋሎቱን አትሳቢው። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በብዙ ውሃ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታቋርጪ እጠቢ። ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ሐኪም። አንድ ነገር ግን እንድትምይልኝ እፈልጋለሁ።

እኔ፦ ምን?

እትዬ፦ የሶዳ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታስቀምጪ። ውሃ ነው የሚመስለው። ቤታችሁ ደግሞ የእህትሽ ልጅ አለ፣ የጠማው ልጅ አይጠይቅም። በረኪናም፣ ምኑም በሃይላንድ በሚቀመጥበት አገር ጉሮሮው ተቃጥሎ የቀረ ልጅ አይቻለሁ። አሟሚ፣ ተጠቀሚ፣ ካልተረፈ አይቀመጥም። ካስተረፍሽም መዝነሽ አልሠራሽም ማለት ነው።

እኔ፦ እምላለሁ።

እትዬ፦ ቡናሽን ጠጪ፣ በረደ። የቀረው ገንፎ እንደ ማገንፋት ነው። ስቡን አቅልጠሽ እጅ እስኪያስችል ይብረድ፤ የሶዳው ውሃም እንደዚያው። በቀስታ ቀላቅያቸው። በእጅ ከሆነ ትከሻሽ እስኪዝል ታማስያለሽ፣ በማሽን ከሆነ በደቂቃዎች ያልቃል። አጥሚት ሲመስል፣ ከማማሰያው የተንጠባጠበው ሳይሰምጥ ፊቱ ላይ መስመር ጥሎ ሲቆይ፣ ያን ጊዜ ለብ ያለውን ወተት ጨምሪ። አማስይና ፌስታል የተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ገልብጪ። ሌሎች ብርድ ልብስ ያለብሱታል፤ ባለ ወተቱን እንዳታለብሺ። የወተቱ ስኳር በራሱ ያሞቀዋል፣ ካፈንሽው መሐሉ አብጦ ይሰነጠቃል። በነጋታው ወይም በሁለተኛው ቀን እንደ አይብ ሲሆን ቁረጪው። 12 ሳሙና ይወጣዋል።

እኔ፦ ከዚያ ስድስት ሳምንት።

እትዬ፦ አራት ይበቃል የሚሉ አሉ። በዲላ ሚያዝያ ግን ስድስት። ግሊሰሪኑ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሳሙናው ያልበዋል። የቡና ልጅ ነሽ፤ ጀንፈል አልጋ ላይ እንዴት እንደሚደርቅ ማን ያስተምርሻል? ሽቦ ወንፊት ወጥረሽ፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ፣ በየሦስት ቀኑ እያገላበጥሽ። ልዩነቱ ጥላ ሥር መሆኑ ብቻ ነው። ካልቸኮልሽ ለታኅሣሥና ለጥር አቆይው፤ ዝናብ በሌለበት ይሻላል።

እኔ፦ መጠቅለያውን አስቤያለሁ። እዚህ ቅቤ በእንሰት ቅጠል እንደሚጠቀለለው፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በቃጫ አስረዋለሁ። ላዩ ላይ «የፍየል ወተት ሳሙና፣ ዲላ፣ ለኤክዜማ» ብዬ…

እትዬ፦ የመጨረሻዋን ቃል ሰርዢ።

እኔ፦ ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የሚለው።

እትዬ፦ ሁሉም ይበል። ፈዋሽ ነው ካልሽ ሳሙና መሸጥ ትተሽ መድኃኒት መሸጥ ጀመርሽ፤ ማስረጃሽ የት አለ? ሳሙና ምንም ብታሳምሪው አልካላይን ነው፣ የቆሰለ ቆዳ ሊቆጠቁጥ ይችላል። የተሠራበትን ቀን ጻፊ፣ የገባበትን ሁሉ ጻፊ፣ ሞራውንም። እንሰቱና ቃጫው በቂ ወሬ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ መጠቅለያሽን ሲያዩ «ይሄ እንሰቱ ነው?» ብለው የሚጠይቁ እንግዶች አይጠፉም።

እኔ፦ ፍየሎቹስ እትዬ? ለእነሱ ነው የመጣሁት።

እትዬ፦ እሺ፣ አሁን ፍየል እንቁጠር። በሳምንት ስንት ጊዜ ልትሠሪ አስበሻል?

እኔ፦ ሁለት ጊዜ።

እትዬ፦ ሁለት ጊዜ 180፤ በሳምንት 360 ግራም ወተት። አንዷ ፍየልሽ በቀን ምን ያህል ትሰጥሻለች?

እኔ፦ ግልገሏ ከጠባ በኋላ… ግማሽ ሊትር ሲሞላ ደስ ይለኛል።

እትዬ፦ የአንዲት ፍየል የአንድ ቀን ወተት የሳምንቱን ሳሙና ሠርቶ ይተርፋል። የቀሪውን ስድስት ቀን ለእህትሽ ልጅ አፍልታችሁ ስጡት፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ለግልገሏ ትለፋ። የወለደች ሰሞን እንገሩን እንዳትነኪው። አውራውንም ከምታልቢበት አርቂው፣ ወተቱ የእሱን ሽታ ይስባል። አራት ፍየል ብትጨምሪ የት ታስሪያቸዋለሽ? ጓሮሽ ቡና፣ እንሰት፣ ዋንዛ፣ ብርብራ ነው። ፍየል ችግኝ ስታይ አታልፍም፣ ያንቺንም የጎረቤትሽንም።

እኔ፦ የጎረቤቴን አንዴ በልታለች። ከፍያለሁ።

እትዬ፦ አየሽ። አሁን ሌላውን ቁጠሪ። በሳምንት 24 ሳሙና፣ ስድስት ሳምንት ይቆያል። የመጀመሪያውን ከመሸጥሽ በፊት ሽቦው ላይ ስንት ይደረደራል?

እኔ፦ …144።

እትዬ፦ ለእሱ ደግሞ 9 ኪሎ የቀለጠ ሞራ፣ 2 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ የኮኮናት ዘይት፣ 600 ግራም ጉሎ፣ 1 ኪሎ ከ680 ሶዳ። ገንዘብሽ ወር ተኩል ሽቦ ላይ ተኝቶ ይደርቃል። እቁብሽ የሚሄደው እዚያ ነው። ኮኮናቱ እንደሚወደድ ታውቂያለሽ፣ የጸጉር ቅባት ሱቅ ገብተሽ በትንንሽ ጠርሙስ እንዳትገዢ። ሐዋሳ ወይም መርካቶ፣ በጄሪካን።

እኔ፦ ከሁሉ በፊትስ?

እትዬ፦ ሚዛን። አንድ ግራም የምትለይ፣ ዲጂታል። ገዝተሽ ስትመጪ እህል ሱቁ ሄደሽ በኪሎ ብረቱ አስፈትሺያት። 1000 ካላለች መልሻት። ከዚያ ጓንትና መነጽር፣ ከዚያ ስቴንለሱ።

እኔ፦ ይሄኛውንስ ሳሙና ምን ላድርገው? አሥራ ሁለት ነው እኮ።

እትዬ፦ ጓንት አድርገሽ ፋቂው፣ ሁሉንም መዝኚ። ከውሃና ከተጨማሪ ሞራ ጋር በቀስታ ሲቀልጥ የተረፈው ሶዳ የሚይዘው ስብ ያገኛል። መልኩ አያምርም፣ ግን የቤት ልብስ ያጥባል። ምላስሽ ካልነከሰሽ ማለት ነው።

እኔ፦ ስንት ሞራ ልጨምር?

እትዬ፦ በሲኒ የገባ ሶዳ መሆኑን እንዳትረሺ። ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ፣ እየቀመስሽ። በሚዛን ብትሠሪው ኖሮ በአንድ መስመር እነግርሽ ነበር።

እኔ፦ እሺ እትዬ። ሚዛን፣ ሶዳ፣ ሞራ፣ ኮኮናት። የሚተርፍ ካለ አንድ ፍየል…

እትዬ፦ የሚተርፍ ካለ ለእናትሽ ድስት ግዢ።

እኔ፦ ስቴንለስ ነው አሉሚኒየም?

እትዬ፦ እሷ ወጥ ነው የምትሠራበት፤ የወደደችውን ትምረጥ። ብቻ ማጀት ውስጥ ካንቺ የሚደበቅበትን ቦታ አብራችሁ ፈልጉ።